ሣጥኑ፣ ሸራዋና የዳማ ጣራ

ተረት ልጭንባችሁ ነው፤ «ጫኚ» በሉኝ። ጮክ በሉ እንጂ! እንዲህ በለሆሳስ ከሆነ ይህች መኪና አትነሣም። እህ፣ አሁን ተነሣች።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ዳማ የምትባል አሮጌ ቀይ መኪና ነበረች። ያኔ ሰው የዕቃን ቋንቋ ይሰማ ነበር። የማይሰማው ሲጨቃጨቅ ብቻ ነው። የዳማ ባለቤቶች ደግሞ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ስለዚህ ዳማን የሚሰማት አልነበረም።

ባልየው ደመላሽ፣ ሚስትየዋ ትርሲት ይባላሉ። የደመላሽ እናት እማማ ዘርፌ ከተራራው ማዶ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ። ሁለት ወንድ ልጆች ወልደው የቀራቸው ደመላሽ ብቻ ነው። ታላቁ ከሩቅ አገር በሣጥን ሆኖ፣ መኪና ጣራ ላይ ተጭኖ ነው የገባላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲመጣ እማማ ዘርፌ መጀመሪያ የሚያዩት ጣራውን ነው። ጣራው ባዶ ከሆነ «ተመስገን» ብለው በሩን ይከፍታሉ።

ባልና ሚስቱ በየዓመቱ ለበዓል ይሄዱላቸዋል። አድረው ሲነሡ ትርሲት ክንዷን እያከከች «ቁንጫ ጨረሰኝ» ትላለች። ደመላሽ ወገቡን ይዞ «መደቡ ድንጋይ ነው» ይላል። ይህን የሚሉት ግን መንገድ ላይ፣ ለብቻቸው ነው። ለእማማ ዘርፌ ትንፍሽ አይሉም። በዚህ ዓመት መላ መጣላቸው፦ መኪናችን ጣራ ላይ ድንኳን ጭነን እንሂድ፤ እማማ ግቢ ውስጥ ቆመን እዚያው ላይ እንደር።

መላው አንድ ነበር፤ ድንኳኑ ግን ሁለት ሆነ።

«እኔ ሸራ ነኝ» አለች አንደኛዋ፣ ሊገዙ በገቡበት መደብር። «ቀላል ነኝ። ስዘረጋ ሰፊ ነኝ። ባልና ሚስት ተኮራርፈው እንኳ ሳይነካኩ ያድሩብኛል።»

«እኔ ቅርፊት ነኝ» አለ ሁለተኛው፣ ባለ ጠንካራ ክዳኑ። «ዝናብ አያርሰኝም፤ ነፋስ አያርገበግበኝም። መቆለፊያዬን ነካ ማድረግ ነው፤ ክዳኔ ብድግ ይላል። ምሰሶ የለ፣ ገመድ የለ!»

«አንተ ጠባብ!»

«አንቺ እርጥብ!»

«አንተ ሣጥን!»

«አንቺ ጨርቅ!»

ትርሲት ሸራን አለች። ደመላሽ ቅርፊትን አለ። ማንም ለማንም አልለቀቀም። ሁለቱንም ገዙ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው መስማማት ሲያቅተው ዕቃ ያበዛል።

«ወይ ጣጣዬ!» አለች ዳማ። «ወይ ጣራዬ!»

መጀመሪያ ሸራ ተሞከረች። ከአንድ መንደር አጠገብ፣ ለምለም መስክ ላይ ቆሙ። ደመላሽ መሰላሉን አወረደ፣ ምሰሶውን አቆመ፣ ገመዱን ወጠረ። ጣቱን ቆንጥጦት ጮኸ። አንድ አህያ ሣሩን ትቶ ቀረበ።

«ማን ሞተባችሁ?» አለ ዳማን።

«ማንም አልሞተም።»

«ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም።»

«ሰው ካልሞተ፣ ሰው ካላገባ፣ ድንኳን ምን ይሠራል?»

«ይተኙበታል።»

«ቤት የላቸውም?»

«አላቸው።»

«ከቤታቸው ወጥተው፣ መኪና ላይ ወጥተው፣ ድንኳን ውስጥ ገብተው ይተኛሉ?»

«አዎ።»

አህያው ጆሮውን ጣለ። «እኔን ነው እንግዲህ አህያ የሚሉት» አለና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

አህያውስ ጠይቆ ነው የሄደው። የመንደሩ ሰው ግን ድንኳን አይቶ አይጠይቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዘው መጡ። አንድ ሽማግሌ መሰላሉ እግር ሥር ቆመው «ያጽናችሁ፣ ያጽናችሁ» አሉ። መልስ ሲያጡ ከዘራቸውን ለዳማ አስደግፈው መሰላሉን ይወጡ ጀመር። እሳቸው ሳይደርሱ ደግሞ ከወዲያ በኩል ጎረምሶች ከበሮ እየመቱ ደረሱ።

«ሙሽራዋ የታለች?» አሉ።

«ሙሽራ የለችም!» አለች ትርሲት አንገቷን አውጥታ።

«ይቺትና! አምሮባታል!»

ድንኳን ሰባሪ እንኳን ሙሽራ ጠፍታ፣ ድንኳንም ባይኖር ሰብሮ ይገባል። ግማሹ አለቀሰ፣ ግማሹ ጨፈረ፣ ሁሉም የትርሲትን ስንቅ በላ። ሲሄዱ ዝናብ መጣ። ሸራ ውሃውን ጠጥታ ጠጥታ እንደ ነፍሰ ጡር ከበደች። ሲነሡ ለማጠፍ ደመላሽ ተንበረከከባት፣ ትርሲት ተቀመጠችባት፤ ወይ ፍንክች።

«ይኸው ያንቺ ድንኳን!» አለ ደመላሽ።

«ማጠፍ አትችልበትም!» አለች ትርሲት።

«ወይ ጣራዬ!» አለች ዳማ፤ ውሃው አንገቷ ድረስ እየወረደ።

ቀጥሎ ቅርፊት ተሞከረ። እሱስ ተዘግቶ ሲጫን ለጥ ያለ፣ ረዥም፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። መንገድ ላይ ወንዶች ቆባቸውን አወለቁላቸው። ሴቶች ደረታቸውን ደቁ። ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ዳር ይዞ አሳለፋቸው።

«ሰዉ እንዴት ያከብራል!» አለ ደመላሽ።

«ቅርፊት የጨዋ ዕቃ ነው» አለ ቅርፊት ከላይ።

ሲመሻሽ አንድ ጅብ ከዳማ ጎን ጎን መሮጥ ጀመረ። ትሕትናው ለጉድ ነው።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ ዳማ? ጭነቱ እንዴት ነው? ዛሬ ነው የሚቀበረው ወይስ ነገ?»

«ሰው የለበትም። ፍራሽ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉኝ» አለ ጅብ፤ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ዘመዶቹን ሊጠራ ሄደ።

ጅብ ከአጎቶቹ ጋር ሲመለስ ዳማ ቆማ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ባልና ሚስት ውስጡ ገብተው በክርናቸው እየተገፋፉ ነበር። ትርሲት ኮሽታ ሰማችና ብድግ ብላ አንገቷን አወጣች። «ደሜ፣ ጅብ ነው እንዴ?»

«ሬሳው ተናገረ!» አለ ጅብ። ጅቦቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ገደሉን ወረዱ።

«አየሽ?» አለ ደመላሽ። «ክፍት፣ ዝግት! አንድ እንግዳ እንኳ አልመጣብንም።»

«ጅብ እንግዳ አይደለም?» አለች ትርሲት።

ወደ እማማ ዘርፌ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ደመላሽ ቅርፊትን ጣራ ላይ ጫነ። ትርሲት ሸራን ከኋላ ወንበር ላይ ጎሰጎሰች፤ «አንተ በሣጥንህ ተኛ፣ እኔ በሸራዬ» ብላ። ዳማ ግን ይህን ጭነት አልወደደችውም። የእማማ ዘርፌን ዓይን ታውቀዋለች። በየዓመቱ ከበሩ ሥር ቆመው ጣራዋን ሲያዩ፣ ከዚያ ትንፋሻቸው ሲመለስ አይታለች።

«ይህን ሣጥን ይዤ እዚያ ደጅ አልደርስም!» አለችና ሞተሯ ጠፋ።

«ነዳጅ አልሞላህም» አለች ትርሲት።

ደመላሽ አስነሣት። ትንሽ ሄደች። «እናትየው ያዩኛል! የሚያዩት ጣራዬን ነው!» አለችና ደግሞ ጠፋች።

«አንቺ ነሽ በኮተት ያስከበድሻት» አለ ደመላሽ።

አስነሣት። ወንዙ ጋ ስትደርስ «ስሙኝ እንጂ! ልጄ ሞተ ብለው ነው የሚወድቁት!» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋች። እነሱ «አንተ አጠፋህ»፣ «አንቺ አጠፋሽ» እየተባባሉ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተሯን አይተው ተጨቃጨቁ። ሞተር ምን ያውቃል?

ከመንገዱ ጠርዝ አንዲት ኤሊ ነበረች። «ምን ሆነሽ ነው እህቴ?» አለቻት ዳማን።

«ሬሳ የሚመስል ነገር ጭነውብኝ፣ ሬሳ ከጣራ ላይ ተቀብለው ወደሚያውቁ እናት ይነዱኛል። እንዲህ ያለ ቅርፊት ምን ይሠራል ልበልሽ!»

«ቅርፊት ምን አደረገ?» አለች ኤሊ። «እኔም ቅርፊት አለኝ፤ እወደዋለሁ። ግን ድንጋይ እንደምመስል አውቃለሁ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች መጥተው ሲቀመጡብኝ አልቆጣም፤ ቀስ ብዬ አንገቴን አወጣለሁ። ይጮኻሉ፣ ከዚያ እንሳሳቃለን። ክፉው የሚመስሉትን አለማወቅ ነው።»

«እህስ! ለነዚህ ንገሪልኝ!»

ኤሊ ነገረቻቸው። እነሱ ግን ገና ሽቦ ጨበጥክ፣ ሽቦ ለቀቅሽ ላይ ነበሩ።

ዳማን ገፍተው አስነሧት። ተራራው ወገብ ላይ ጉም ወረደ። ደመላሽ መብራት አበራ። ከላይ ከአፋፉ ገበያተኞች ቁልቁል አዩ፦ ቀይ መኪና፣ በቀን መብራት ያበራች፣ ጣራዋ ላይ ሣጥን የጫነች፣ ቀስ እያለች የምትመጣ።

«የዘርፌ ልጅ መኪና አይደለችም?»

«ናት።»

«ወይኔ ዘርፌ! ይኸንንም?»

መኪና በጥርጊያው ዞሮ ነው የሚሄደው፤ መርዶ ግን በአቋራጭ ይቀድማል።

ዳማ የመጨረሻውን ኩርባ ስትዞር ጩኸት ተሰማ። መንደሩ በሙሉ እማማ ዘርፌ ግቢ ገብቷል። የእድሩ ድንኳን፣ ያረጀው፣ በብዙ ቦታ የተጣፈው፣ ተተክሏል። እማማ ዘርፌ መሬት ላይ ናቸው። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል፤ እሳቸው ሙሾ ያወርዳሉ፦

«መኪና ሲመጣ ጣራ ጣራ አያለሁ፤
አንዱን አፈር በላው፣ አንዱን የት አገኛለሁ?»

ደመላሽና ትርሲት ዝም አሉ። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ አብረው ዝም ብለው አያውቁም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ የዳማን ድምፅ ሰሙ።

«ነገርኳችሁ» አለች ዳማ። «እየጠፋሁ ነገርኳችሁ። በሉ አሁን ሩጡ!»

ደመላሽ በሩን ሳይዘጋ ሮጠ። ከኋላው ሸራ ቅርፊትን «አየህ? ሰው ሲጨንቀው የሚዘረጋው እንደኔ ያለ ሸራ ነው!» አለችው።

«ያስጨነቅኳቸው ግን እኔ ነኝ!» አለ ቅርፊት።

«ዝም በሉ እናንተ!» አለ አሮጌው የእድር ድንኳን። «ሰው እያለቀሰ ነው።»

ደመላሽ ሕዝቡን ጥሶ እናቱ ፊት ተንበረከከ። «እማዬ! እኔ ነኝ! ደሜ ነኝ!»

እማማ ዘርፌ አዩት። ዘወር ብለው መኪናዋን፣ ጣራዋን፣ ሣጥኑን አዩ። እንደገና እሱን አዩ።

«ደሜማ እዚያ ላይ ነው ያለው» አሉ በቀሰስታ። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

እጃቸውን ይዞ ፊቱ ላይ አደረገው። ግንባሩን ዳሰሱ፣ ጆሮውን ዳሰሱ፣ አገጩ ሥር በልጅነቱ ወድቆ ያተረፋትን ጠባሳ አገኙ። አንገቱን አንቀው እሪ አሉ፤ መንደሩም አብሮ እሪ አለ። ሲበቃቸው አንድ ጥፊ አሳረፉበት።

«ታዲያ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማነው?»

«ማንም የለም እማዬ። ፍራሽ ነው።»

«ፍራሽ?»

«ልናድርበት ነው።»

«የት?»

«እዚሁ። ግቢሽ ውስጥ።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«መደቤ ምን ሆነ? ትናንት ነው የለቀለቅሁት። ፍራሽ ከጎረቤት ተውሼ አንጥፌላችኋለሁ። እኔ ከጣራዬ ሥር፣ እናንተ ከጣራዬ በላይ ልታድሩ?»

ደመላሽ ጫማውን አየ። ያ ሁሉ ቃል፣ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ክፍት፣ ዝግት፣ አንዱም ወደ አፉ አልመጣም። የመለሰችው ትርሲት ናት።

«ቁንጫው ነው እማማ» አለች። «ቁንጫው አላስተኛኝ ብሎ። እንዳይከፋዎት ብለን ነው ያልነገርንዎት።»

«እንዳይከፋኝ?» አሉ እማማ ዘርፌ። «አንቺ ልጅ፣ ቁንጫ ብትነግሪኝ እጠርጋለሁ። ሣጥን ብታሳዪኝ ምን አደርጋለሁ?»

ኋላ የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንፍሮው ምን ይሁን?» አሉ።

«ይበላ!» አሉ እማማ ዘርፌ። «የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይመለስም። ሟቹም ይብላ፤ ከስቷል።»

ንፍሮው ተበላ፣ ጠላው ተቀዳ። ደመላሽ ለራሱ ለቅሶ የመጣውን ሰው እየዞረ አስተናገደ። ትርሲት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መደቡን፣ ግድግዳውን፣ ጓዳውን ከአማቷ ጋር ጠረገች። ቁንጫው ሁሉ አለቀ? አላለቀም። ግን ሲነክሳት «እማማ፣ ነከሰኝ» አለች፤ እሳቸውም «የት ጋ?» አሉ።

ቅርፊት ከዚያ ግቢ ጣራ ላይ ተጭኖ አልወጣም፤ እማማ ዘርፌ አልፈቀዱም። እህል ተከተተበት፤ አይጥ አልቻለውም። ሸራ የጭድ ክምር ለበሰች። አሁንም ከጓሮ ሆነው «እኔ እሻላለሁ»፣ «እኔ እሻላለሁ» ይባባላሉ፤ ዶሮዎቹ በነሱ የተነሣ እንቁላል መጣል ትተዋል ይባላል። ዳማ ግን ጣራዋ ቀልሎ ቁልቁለቱን ወረደች።

ስለዚህ እናንተ ጠንካራው ይሻላል፣ ለስላሳው ይሻላል እያላችሁ የምትናከሱ፣ ይህን ያዙልኝ፦ ድንኳን የሚመርጠው ለራሱ፣ የሚያለቅሰው ጎረቤቱ።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ በሉ ተራችሁ ነው፣ ተሸከሙት።