ቁልቁለቱን የበረረው ጋሪ

እንስሳት አንደበት፣ እንጨትም ልሳን በነበራቸው በዚያ በራቀ ዘመን የሆነውን ላውጋችሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በአንድ ሸለቆ ውስጥ ወንዙ ደረቀ። የቀረው ምንጭ ከተራራው አናት ላይ ነበር። ሁሉም ሽቅብ ሲሰደድ፣ እመት አህያ እግሩ የተሰበረ ውርንጭላዋን አቅፋ "ልጄን በምን ላውጣው?" እያለች አነባች።

በገበያ ቀን ጋሪ ሻጩ ጦጣ አንድ ጋሪ ከጉብታ ላይ አቆመ፤ ወዳጁን ነጋሪትንም አስጮኸ።

"ዳገት ሜዳው የሆነ ጋሪ! ነፋስን የሚቀድም ጋሪ!" ብሎ ቁልቁል ለቀቀው። ጋሪው ተንደረደረ፤ ገበያው እልል አለ።

ጋሪው ግን ሐቀኛ ነበር። "መጎተቻ ዘንጌ ተሰንጥቋል..." ሲል ነጋሪት ድም! አለበት።

"ምን አለ?" አለች ውርንጭላዋን ይዛ ገበያ የወጣችው አህያ።

"በደስታ ይዘፍናል፣ እመት አህያ!" አላት ጦጣ።

ዳግመኛ ለቀቀው። "ዘንጌ ተሰንጥቋል..." ድም! ድም!

"አሁንስ?"

"ይህቺ ወይዘሮ ትውሰደኝ ይላል! ዓይኑ አንቺ ላይ ወድቋል።"

ገበያተኛው ሳቀ። አህያ ግን "በቅሎ እንኳ ዳገት ሳትወጣ አትገዛም። እስቲ ዳገት ሲወጣ አሳየኝ" አለች።

"ኧረ እመት! ቁልቁለቱን እንዲህ የበረረ ዳገቱ ያቅተዋል?"

ለሦስተኛ ጊዜ ለቀቀው። ጋሪው ውርንጭላውን አይቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ድም! ድም! ድም! አህያም ለክፉ ቀን ያኖረችውን ገብስ ሁሉ ሰጥታ ወሰደችው።

ልጇን ጭና ጎተተች። አንደኛውን ዳገት ወጣች። በሁለተኛው ዘንጉ አቃሰተ። በሦስተኛው ቀጭ! ብሎ ተሰበረ። ጋሪውም እንደ ተባለለት ነፋስን ቀድሞ ቁልቁል በረረ፤ ውርንጭላውን እንደ ያዘ።

ከገደሉ ሥር፣ በስብርባሪው መካከል፣ "ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ እኮ" አላት ጋሪው።

"ዘፈን ነው አሉኝ" አለች፤ የልጇን ሬሳ እየላሰች።

በሚቀጥለው ገበያ ጦጣ ሌላ ጋሪ አቆመ። አንካሳ ግልገል ያላት በግ ቀረበች። አህያም እየሮጠች ደርሳ "አትውሰጂ! ልጄን ገደለብኝ..." ስትል ነጋሪት ድም! አለባት።

"ምን አለች?" ጠየቀች በግ።

"ጋሪውን እያመሰገነች ነው፣ እመት በግ!"

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ፤ የነጋሪቱ ድምፅ ግን አላለቀም። ነጋሪት በነገሠበት ገበያ፣ እውነት ብትጮኽም የሚሰማት የለም።