አሸዋው የጠጣው ጠላ

ነፋስ ቤት ቢቀብር ማን ይከሰሳል? ልጄ ጠየቀችኝ፤ መልሱን እስካሁን አላውቀውም። የማውቀው ተረቱን ነው። ስሙኝ ልጆች።

በድሮ ዘመን፣ ዴንማርክ በሚባል አገር፣ ከባሕሩ ዳር አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር ሲሴል የምትባል እልኸኛ እናት ነበረች። ባሏን ባሕር ወስዶባት ከሕፃን ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ቶገር የሚባል ብልጣ ብልጥ ሰውም ነበረ።

በመንደሯ መሐል ድንጋዮች ክብ ሠርተዋል፤ ለየቤቱ አንድ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ይናገራል፣ ይፈርዳል። ያጠፋ ሰው አንድ በርሜል ጠላ ይቀጣል። ጠላውን ማን ይጠጣዋል? ፈራጆቹ!

የመንደሯ ጠላት አሸዋ ነበር። ነፋስ ከባሕሩ ዳር እያፈሰ እርሻቸው ላይ ይደፋዋል። አሸዋውን የሚይዘው እላዩ ላይ የሚበቅለው ረጅም ሣር ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ሣር ማጨድ ክልክል ነበር።

ቶገር ግን ለላሞቹ አጨደው። «አጥፍቻለሁ ወገኖቼ! በርሜሉ ይኸው!» አለ። ጠጡ፣ ሳቁ፣ ማሩት። አሸዋው የሲሴልን አጥር ዘለለ።

በዓመቱም አጨደ። «አጥፍቻለሁ ወገኖቼ! በርሜሉ ይኸው!» ጠጡ፣ ዘፈኑ፣ ማሩት። አሸዋው ገብሷን ዋጠ።

በሦስተኛውም ዓመት አጨደ። አሸዋው በበሯ ሥር ገብቶ የልጇን አልጋ እግር ቀበረ።

ቶገር በርሜሉን እያንከባለለ ሲመጣ፣ ሲሴል ሕፃኗን ታቅፋ በባሏ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አንቺ! ሴት ደግሞ እዚህ ትቀመጣለች እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«ድንጋዩ የቤቴ ነው። ቤቴ ደግሞ ገና ተቀብሮ አላለቀም።»

«ተይ እንጂ ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው ዳኛ ላውስት። «ሰውየው ቅጣቱን አመጣ አይደል? ያውም ግሩም ጠላ!»

«ለእርስዎ ጣፈጠዎት፤ ለእሱ ተመቸው፤ ለእኔና ለልጄ አሸዋው ደረሰን!»

ብድግ ብላ የበርሜሉን ውታፍ ነቀለችው። ጠላው ተንዠቀዠቀ። አሸዋው ምጥጥ አድርጎ ጠጣው፤ አረፋ እንኳ አላስቀረም።

«አያችሁት? ዛሬ ጠላችሁን፣ ነገ የውኃ ጉድጓዳችሁን!»

ላውስት ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እውነቷን ነው። እኔ ራሴ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ያጭድ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት፣» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያጨደ ሁሉ ከፍርድ ድንጋዩ እንዲነሣና ሣር እንዲተክል ተፈረደ። ቶገርም ከድንጋዩ ተነሣ፤ ጸደይ በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሣር ተከለ። «ኧረ ወገኖቼ፣ ወገቤ!» ሲል፣ «ሣሩ ይኸው!» ይሉታል። ሣሩ ሥር ሰደደ። አሸዋው ቆመ። መንደሯም ዳነች።

አያችሁ ልጆች፣ ቅጣት ለዳኛ ከጣፈጠ የጥፋት ዕድሜ ይረዝማል።

ቶገር ግን ሲያረጅ ሲሴል ደጅ መጥቶ፣ «እቴ፣ የተከልኩት ሣር ቤትሽን አዳነ። ድንጋዬን አስመልሺልኝ፣» አላት። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ይቸግረኛል። ታስመልስለት ወይስ ትተወው? እስቲ እናንተ ምከሩኝ።