ውብዳርን ማን ተሸከማት

በእኛ አገር ስብሰባ ሲረዝም፣ ነገሩም ከቁም ነገር ወደ እልህ ሲሄድ፣ ከኋላ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጥላት አባባል አለች። ወንዶቹ ሲሰሟት ፊታቸው ይከብዳል። አንዳንዱም "ይህን የሴት ወሬ ተዉት" ይላል። ወሬ አይደለም። አማቴ በዓይናቸው ያዩት፣ ትከሻቸውንም ያቆሰላቸው ነገር ነው። እኔ ለሴቶች ልጆቼ የነገርኳቸው ገና ሳያገቡ ነው፤ ክፉ ነገር የሚመጣው ሰው ሁሉ በሌላ ጉዳይ በተጠመደበት ቀን ስለሆነ አስቀድመው ይወቁት ብዬ።

ውብዳር አምባ ዛሬ መኪና ይወጣበታል። በሹማምንቱ ማረፊያ ቤት በር ላይ የቆመው ድንጋይ ስሙን ብቻ ይዟል እንጂ ታሪክ አልተጻፈበትም። ድሮ ከቆላው ከተማ ተነሥቶ አምባው ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን ዳገት መውጣት ነበር። ቆላው ሲነድና ንዳዱ ሲነሣ፣ በቅሎ ያለው በበቅሎ፣ የሌለው በእግሩ ወደዚያ ይወጣል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የወባ ትንኝ አይደርስበትም። ሹማምንቱ የሚያርፉበትን ቤት ሠሩበት፣ ነጋዴዎቹም ተከትለው ሠሩ።

ቦታው ስሙን ያገኘው ውብዳር ከምትባል ሴት መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ንዳድ ይዟት ልትሞት ስትል ከቆላ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት፣ አምባው ላይም ዳነች። ከዚያ ወዲያ የታመመ ሰው ሲገኝ "ወደ ውብዳር አውጡት" ይባል ጀመር፤ ስሟም በዚያው ቀረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ጠቡ የተሸከማት ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የላይ ሰፈር ሰዎች የውብዳር ወንድሞች ዘር ነን ይላሉ። እንደ እነርሱ ከሆነ ባሏ በሽታውን ፈርቶ ጥሏት ሸሸ፣ ተሸክመው ያወጧት ወንድሞቿ ናቸው። የታች ሰፈር ሰዎች ደግሞ የባሏ ዘር ናቸው። እንደ እነርሱ ከሆነ የሸሹት ወንድሞቿ ናቸው፤ ባሏ ጓደኞቹን ለምኖ፣ ራሱ ከፊት ሆኖ፣ ዳገቱን ተሸክሟት ወጣ። ይህ ነገር በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት እየተነሣ ስንት ዘመን ቆየ። ትንሽ ይሰዳደቡበትና ይተዉት ነበር።

አንድ ዓመት ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። የአምባው ስም ታሪክ በድንጋይ ተቀርጾ በማረፊያ ቤቱ በር ላይ ሊቆም ነውና ሽማግሎቹ ተስማምተው አንድ ታሪክ ይላኩ ይላል። በድንጋይ ይቀረጻል ሲባል ሰው አበደ።

"በአውጫጭኝ ይታይ" ተባለ። አውጫጭኝ ሌባ ሲሰወር የሚደረግ ነው። የአገሩ ወንድ በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ለስም ክርክር ተደርጎ አያውቅም። እነርሱ ግን አደረጉት፤ ይባስ ብለው አንድ ነገር ጨመሩበት። ሳይፈረድ ከተቀመጠበት የሚነሣ ሰው ቢኖር ሰፈሩ እንደተረታ ይቆጠር ብለው ሁለቱም ወገኖች ማሉ። ከዚያ ትልቁ የኮሶ ዛፍ ሥር ላይኞቹ በቀኝ፣ ታቾቹ በግራ ተቀመጡ። ምግባቸውን ሴቶቹ ያመላልሱላቸዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንዲት ቃሬዛ አወሩ። ከምን እንጨት እንደተሠራች ሳይቀር ተከራከሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአገሩ አዋላጅ እማማ ሽታዬ መጥተው በመካከላቸው ቆሙ።

"ስምንት ወንድ ስጡኝ" አሉ። "አራት የሚሸከም፣ አራት የሚቀይር። ትርንጎ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ በጎኑ ነው የመጣው፣ በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ቆላ ካለው ጤና ጣቢያ ትውረድ።"

ትርንጎ የላይ ሰፈሩ አለቃ የግራዝማች ሽብሩ የወንድም ልጅ ናት። ያገባችው ደግሞ ታች ሰፈር ነው፤ ባሏ ምትኩ የሰፈሩ አለቃ የአቶ እንግዳወርቅ የእኅት ልጅ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ዘመዶቿ እዚያው ነበሩ።

ግራዝማች ሽብሩ በአገጫቸው ወደ ግራ አመለከቱ። "ሚስታችሁ ናት። ያገባ ይሸከም።"

"ምነው ግራዝማች" አሉ አቶ እንግዳወርቅ፣ "ሸክም የወንድሞች ነው ስትሉን አልነበረም? ሁለት ቀን የነገራችሁን እኮ ይህንኑ ነው። እነሆ እኅታችሁ፣ እነሆ ቃሬዛ።"

ከግራ በኩል ሳቅ ተሰማ።

"እንድንነሣላችሁ ነው የፈለጋችሁት" አለ ከቀኝ አንዱ።

"እኛ ምን ቸገረን፤ ተቀምጠናል።"

ምትኩ ብድግ ሊል ጉልበቱን አቀና። አጎቱ የጋቢውን ጫፍ ያዙት። "ተቀመጥ አንተ። ሰባት ቤት ዘመድህን ልታስረታ ነው? ደግሞስ ብቻህን አዝለሃት ልትወርድ ነው?"

ተቀመጠ። አማቴ ይህን ሲነግሩኝ "ልጁ አሳዘነኝ" ይሉ ነበር። እኔን አላሳዘነኝም። እስከ ዛሬም አያሳዝነኝም።

እማማ ሽታዬ አልተቆጡም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበራቸውም። "ከሁለታችሁም አራት አራት ስጡኝ" አሉ። "እኩል ትነሣላችሁ፣ ማንም አይረታም።"

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ አለቀ ይላል። እነዚያ ግን ይህንንም ለምክር አቀረቡት። ሰብሳቢው ሽማግሌ መሐላው አንድ ወገን ሲነሣ እንጂ ሁለቱም ሲነሡ ምን እንደሚሆን አይናገርም አሉ። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ባይነሣስ? ማን ቀድሞ ተነሣ የሚለውን ማን ይመሰክራል? አራቱን ማን ይመርጣል? ላይኞቹ ታቾቹ ይቅደሙ አሉ፤ ታቾቹ ላይኞቹ ይቅደሙ አሉ። እማማ ሽታዬ ወደ ትርንጎ ሄደው ተመለሱ፤ እንደገና ሄደው እንደገና ተመለሱ።

"ገና ነው?" አሉ በሦስተኛው።

"እየተስማማን ነው እማማ፣ ትንሽ ታገሡን" አሉ ግራዝማች።

"እኔ እታገሣለሁ። እርሷ ናት የማትታገሠው።"

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እማማ ሽታዬ ሴቶቹን ጠሩ። በእኛ አገር ሴት ከቃሬዛ ሥር ገብታ አታውቅም፤ የወንድ ሥራ ነው ይባላል። አሥራ ሁለት ሴቶች መቀነታቸውን አጥብቀው ገቡ። አማቴ በዚያ ዓመት ገና ሙሽራ ነበሩ፤ ከፊት በግራ በኩል ያዙ። ቁመታቸው አንድ ስላልሆነ ቃሬዛው ያዘነብላል። ትርንጎ እንዳትንሸራተት በነጠላ አሰሯት። በየሃያው እርምጃ ያሳርፋሉ፤ ቁልቁለቱ ጠጠር ነው፣ እግር አይዝም።

"እማማ፣ ወንዶቹስ?" አለች ትርንጎ።

"ከኋላ እየመጡ ነው ልጄ። ይደርሱብናል።"

ጥቂት ወርደው ሲያሳርፉ ደግማ ጠየቀች። "ምትኩ አለበት?"

"አለበት፤ እርሱ ነው ከፊት የሚመጣው" አሉ እማማ ሽታዬ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከታች ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እማማ ሽታዬ እጃቸውን ከሆዷ ላይ አነሡና "አውርዱት" አሉ። ልጁም ከእርሷ ጋር ቀረ። ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ቢነሡ ይደርሱ ነበር። ወንዶቹ ተሸክመዋት ቢሆን ደግሞ ገና በቀትር በደረሱ። እኔ ይህን ሒሳብ በልቤ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ትደርሳለች።

ሴቶቹ እዚያው ተቀምጠው አላለቀሱም። ቃሬዛውን እንደገና አንሥተው ዳገቱን ይዘዋት ወጡ። ቤቷ አልወሰዷትም፤ ቀጥታ ወደ ኮሶው ዛፍ ወሰዷት።

ወንዶቹ ተስማምተው ነበር። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ሊያጨበጭቡ፣ በሦስተኛው ስምንቱም እኩል ሊነሡ ነው። ስምንቱ ተመርጠው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጫማቸውን አጥብቀው ተሰናድተዋል። ግራዝማች ሽብሩ ከፊት የቀደሙትን ሴቶች ሲያዩ ደስ ብሏቸው "በሉ ጨርሰናል፣ የት አለች?" አሉ።

ሴቶቹ ቃሬዛውን በመካከላቸው አኖሩት። ነጠላው ፊቷን ሸፍኗል።

ያን ጊዜ ሁሉም ተነሣ። ማን ቀድሞ እንደተነሣ ያየ የለም፤ የጠየቀም የለም። ምትኩ መሬት ላይ ወድቆ ጮኸ። ጩኸቱ ገና ሳይበርድ ግራዝማች ሽብሩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው "ልጃችን ናት፤ ከአባቶቿ ጎን በላይኛው በኩል ትቀበራለች" አሉ።

"እንዴት ሆኖ" አሉ አቶ እንግዳወርቅ። "የቤታችን ሴት ናት። ከእኛ ወገን ነው የምታርፈው።"

"እኛ ሳለን?"

"ባሏ ቆሞ ሳለ?"

ጠዋት ማንም አልፈልግም ያላትን ሴት ማታ ይሻሟት ጀመር። አንዱ የቃሬዛውን ራስጌ ያዘ፣ ሌላው ግርጌውን። እማማ ሽታዬ በመካከል ገብተው የሁለቱንም እጅ ከእንጨቱ ላይ አላቀቁ። ወዲያው ሴቶቹን እንዲያነሡ በዓይናቸው ጠቀሱና፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ "ለሞተች ሲሟገቱ፣ ያለች ሞተች" አሉ።