አልታጨድም ያለው የዝሆን ሣር

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ተረት ላወራችሁ ነው። አንተ ወዲያ ጥግ ያለኸው፣ ማጉረምረምህን ተውና ስማ!

በድሮ ጊዜ፣ ሣርም ማጭድም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት ወይዘሮ የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ላሟ ቡሪት ጭድ ብቻ እየበላች ወተቷ ለጥጃዋ እንኳ አልበቃ አለ። የሻረግ ከሩቅ አገር የዝሆን ሣር ቁርጥራጭ አምጥታ አጥሩ ሥር ተከለች። «ይሄ ቶሎ ያድጋል፣ ለጋውን እያጨድኩ አበላታለሁ» አለች።

ሣሩ አደገ። ወገብ ሲደርስ ማጭድ መጣ።

«በል ጎንበስ በል፣ ደርሰሃል።»

«ጋሼ ማጭድ፣ በሞቴ! ነገ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው በዚህ ያልፋል። ይየኝና ከዚያ ታጭደኛለህ።»

ሳሚው አለፈ። «ወይ ማማሩ! የማን ሣር ነው?» አለ። የሻረግ ይህን ሰማችና ደስ አላት። «እንግዲህ ትንሽ ይቆይ» አለች።

ሣሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ማጭድ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ ማጭድ፣ በሞቴ! ሰርገኞች ሊያልፉ ነው።»

«ኧረ እባካችሁ፣ ጡቴ እየደረቀ ነው!» አለች ቡሪት ከበረት።

«ትንሽ ታገሺ» አላት ሣሩ። ሰርገኞች እልል እያሉ አለፉ። እልልታው ለሙሽራዋ ነበር፤ ያ ሞኝ ግን ለእኔ ነው ብሎ ተወዛወዘ።

ሣሩ ጣራ ደረሰ። ማጭድ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

«ጋሼ ማጭድ፣ በሞቴ! ገበያተኛውም ይየኝ።»

«ጥጃዬ መቆም አቃተው!» አለች ቡሪት። ማጭድ ግን ለሣሩ እሺ ብሎ ሄደ።

ገበያተኛው አይቶ፣ አድንቆ ሄደ። በማግስቱ ጥጃው ወደቀ። ያን ጊዜ የሻረግ ደንግጣ «እጨደው፣ እጨደው!» አለች። ማጭድ ቢስበው ቢስበው፣ ሣሩ እንጨት ሆኗል! በመጥረቢያ ተቆረጠ። ቡሪት አኘከች፣ አኘከች፣ ተፋችው። ዞር ብላ ጥጃዋን ላሰች።

ሣሩ አፈረ። «ምነው ወገብ ስደርስ በታጨድኩ!» አለ። ማጭድም «እኔስ ምን ነካኝ? ልመናው ጣፈጠኝ» ብሎ አፈረ።

ከሁሉም የባሰባት ግን የሻረግ ናት። ቅሏን በነጠላዋ ሸፍና ጎረቤቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄደች። የማንጠግቦሽ ሣር በየጊዜው ስለሚታጨድ ከወገብ አያልፍም፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አያየው። ላሞቿ ግን ይታለባሉ።

«ማንጠግቦሽ፣ ለጥጃዬ... ጥቂት ወተት...» ብላ ቅሉን ዘረጋችላት።

ማንጠግቦሽ ቅሉን ሞልታ ሰጠቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ በቅን ልቧ ጠየቀቻት፦ «የሻረግዬ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ያን የሚያምር ሣርሽን ምን እያደረግሽ ነው እንዲያ ያሳደግሽው? የኔ እኮ ሰው ፊት አሳፈረኝ።»

የሻረግ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንገቷን ደፋች።

«ላሜን እያስራብኩ» አለችና ወተቱን ይዛ ወጣች።

ጥጃው ተረፈ። ሣሩም ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ፤ ወገብ ሲደርስ ራሱ «ጋሼ ማጭድ፣ ና!» ብሎ ተጣራ።

እንግዲህ ሰው ሲያደንቃችሁ፣ ቤት ውስጥ ማን ተርቦ እንደሚጠብቃችሁ አትርሱ። ተረቴን ጨረስኩ፤ ያፈረ ካለ ጧት ተነስቶ ይጨድ።