ስልሳ ፈረስ የዋጠችው መኪና

ይህን ተረት ያቀበለችኝ የወፍጮ ቤቷ እትዬ አስካለች ናት። እሷም ከአክስቷ ሰማሁ ብላለች፤ አክስቷ ከማን እንደሰማች እንጃ። ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ውሸት ካለበት የአስካለች ነው፣ እውነቱ የኔ።

ድሮ፣ ብረትም ፈረስም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንዲት የጋሪ ከተማ ጋሽ ቱፋ የሚባል በያጅ ነበር። ቱፋ ዳማ የሚባል የጋሪ ፈረስ ነበረው። ዳማ ሸምግሏል፤ ጉልበቱ ግን አልከዳውም። የሚፈራው አንድ ነገር ነው። በዚያች ከተማ ያረጀ የጋሪ ፈረስ አውራ ጎዳና ዳር ይጣላል፤ ሲመሽ ጅብ ይበላዋል። የእናቱ ልጅ ወንድሙ እንዲያ ሆኖ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ቱፋ አንዲት አሮጌ መኪና አስጎትቶ ግቢው አስገባ። ሃያ ክረምት የወረደባት፣ ቀለሟ የረገፈ፣ ዶሮ እንቁላል የጣለችባት። ሚስቱ እትዬ ደብሪቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ! የዶሮ ቤት ነው ያመጣህልኝ?»

«ደብሪትዬ፣ ዝገቷን አትዪ። ሆዷ ውስጥ ስልሳ ፈረስ አለ! እኔ ራሴ አፍርሼ እሠራታለሁ፤ አገር ቆሞ ያያታል።»

«እንግዲያው እስከ መስቀል ካልተነሳች ቆራሌው ይወስዳታል። ብረት ለቃሚ አይመርጥም።»

«እሺ፣ እስከ መስቀል።»

ቱፋ የሞተሩን ጉልበት መናገሩ ነበር። ዳማ ግን የጎረሰው ድርቆሽ ከአፉ ወደቀ። ስልሳ ፈረስ! አንድ እስር ድርቆሽ ለስልሳ አፍ! ስልሳ ጎረምሳ ግቢው ከገባ አንዱን ሽማግሌ ማን ያስቀምጠዋል? እየሮጠ ገንዳው ሥር ወደምትኖረው አይጥ ሄደ።

«እመት አይጢት፣ ጉድ ፈላ!»

«ምነው፣ አያ ዳማ?»

«እዚያች ብረት ሆድ ውስጥ ስልሳ ፈረስ አለ።»

«ስልሳ! በስንት ኮቴ ልረገጥ ነው?»

«ሳትወልዳቸው እንግደላት።»

መጀመሪያ አይጢት መኪናዋ ውስጥ ገባችና ሽቦዋን ሁሉ ቆራርጣ በላች። ቱፋ ጠዋት ከፍቶ አየ፤ ራሱን አከከ። «ለካ ሽቦው አርጅቶ ኖሯል። እግዜር ይስጥልኝ፣ አይጥ!» አለና አዲስ ሽቦ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ዘረጋላት።

ሁለተኛ ዳማ በጎኑ ተደገፋትና ፓራፋንጎዋን፣ ያንን ጎማ የሚሸፍነውን ብረት፣ ጨፈለቀው። ቱፋ አየ፤ ራሱን አከከ። «ይሁና!» አለና አራቱንም ቆርጦ ጣለ። ጎማዎቿ እንደ ጎረምሳ ክንድ ተገልጠው ወጡ። በአጥር የሚያዩ ሴቶች «ውይ፣ ስታምር!» አሉ።

ሦስተኛ ዳማ ዞረና ጣራዋን በእርግጫ አጎደጎደው። ቱፋ አየ፤ ይሄን ጊዜስ ራሱንም አላከከ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ጣራዋን በስንዝር ሲለካ ቆየ። በጠመኔ አሰመረ፣ ከጣራዋ ሥር አንድ ስንዝር ቆርጦ አወጣ፣ ጣራውን ዝቅ አድርጎ በየደው። ያቺ የዶሮ ቤት ሊዘል ያደባ ነብር መሰለች! እንደ ቲማቲም ቀይ ቀባት። እጅ አለኝ የሚል ሁሉ የቱፋን እጅ ሳያይ ነው።

«ብቻዬን ስሆን አያታለሁ» አለ ዳማ።

«አንተ! ወደድካት እንዴ?» አለች አይጢት።

«ዝም በይ! መጥላቴን አልተውኩም።»

መስቀል ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ቱፋ ገብቶ ሊያስነሳት ሞከረ፤ ክርርር አለችና ዝም። ደገመ፤ ዝም። ሠለሰ፤ ጭራሽ ዝም። ቆራሌው ጆንያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ልውሰዳት ወይስ ልሂድ?»

«ትንሽ ቆይ!» አለ ቱፋ። «በጉተታ ትነሳለች።» ገመድ አምጥቶ ዳማን ከፊቷ አሰረው። «በል ዳማዬ!»

ዳማ አራት እግሩን ተከለ። እሰይ፣ እጄ ላይ ወደቀችልኝ አለ በልቡ። «በል እንጂ!» አለ ቱፋ ሁለተኛ። ወይ ፍንክች። ሰዉ ሳቀ፤ ከመካከሉ አንዱ ጮኸ።

«ቆራሌው፣ ፈረሱንም መርቀው ይስጡህ!»

ይሄኔ መኪናዋ ከኋላው ቀስ ብላ ተናገረች።

«አያ ዳማ፣ ወዴት ሊወስዱኝ ነው?»

«ወደሚቆራርጡሽ።»

«ምን በደልኩ?»

«አርጅተሻላ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ወንድሙ ትዝ አለው።

«ስልሳዎቹ ፈረሶችሽስ?» አለ።

«የምን ፈረስ? ሆዴ ውስጥ ብረትና ዘይት ነው ያለው። ጉልበቴን በፈረስ ይቆጥሩታል እንጂ፣ እኔ ከፈረስ የማውቀው አንተን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? ረገጥከኝ እንጂ!»

ዳማ አንገቱን ደፋ። ቱፋ ሦስተኛ «በል፣ አንተ ጎበዝ» ሲለው አንገቱን ወደፊት ወረወረና ጎተተ። ኮቴው ድንጋይ ፈነቀለ፤ ደም ሥሩ ገመድ አከለ። አምስት እርምጃ። ሰባት። በአሥረኛው መኪናዋ አሳላት፤ አሳላትና አገሳች! ሰዉ በየአጥሩ ተሸጎጠ። ቱፋ ወርዶ ገመዱን ፈታ፤ ደብሪቱን አስገባ፤ አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ያልቆመ ሰው፣ እልል ያላለች ሴት አልነበረም።

ለባለእጅ ስብራትም ቅርጽ ነው፤ ለፈሪ ቃልም ጅብ ነው።

ቆራሌው የተቆረጠውን ፓራፋንጎ ይዞ ሄደ። አይጢት የመኪናዋ ወንበር ሥር ስድስት ወለደች። የመኪናዋ ማስነሻ እስከ መጨረሻው አልሠራም፤ እሷ ግን ስንት ሙሽራ አመላለሰች። ደብሪቱ የፊቱን ወንበር ለማንም አልለቀቀችም። ቱፋ ሌላ አሮጌ መኪና አስጎተተ። ዳማ ጋሪ ተወ፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዋን አሥር እርምጃ ይጎትትና ድርቆሹን ይበላል።