የማትቆሽሸው ፒክአፕ

አንድ ባለፒክአፕ ነበረ። ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ይኖራል፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣል፣ ሲመለስ ድንችና ገብስ ጭኖ ይወርዳል። ልጄ ብርዛፍ፣ አንቺ «አባ፣ እኔና ባለቤቴ አንድም ቀን ተኳርፈን አድረን አናውቅም። በየማታው ይቅር ተባብለን ነው የምንተኛው። ታዲያ ቤታችን ለምን እየቀዘቀዘ ሄደ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ የነፍስ አባትሽ ደግሞ ስለ መኪና አወራልሻለሁ። አባ አረጁ፣ ነገር ተምታታባቸው አትበይ። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ፒክአፗ አሮጌ ናት። ሰውዬው ሲገዛት ራሱ ሦስተኛ ባለቤቷ ነበር፤ ከገዛትም አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ያያት ሁሉ ግን ገና ከመርከብ የወረደች ትመስለዋለች። ሰውዬው ንጹሕ ነው፤ ንጽሕናውም ልክ የለውም። በወጣትነቱ ለአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሾፌር ሳለ፣ አለቃው በየማለዳው ነጭ መሐረብ አውጥቶ መኪናዎቹን ይዳብስ ነበር አሉ። መሐረቡ ከጠቆረ ሾፌሩ የዚያን ቀን ቁልፍ አይሰጠውም። እዚያ ያደገ እጅ ነው እንግዲህ። በየማለዳው መጀመሪያ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ሞተሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ይወለውላል፣ ከዚያ ወደ በሩና ወደ ጎማው ይሄዳል። ይህን ሳይጨርስ ቁርስ አይቀምስም። የከተማው ሰው መኪናዋን «ሙሽሪት» ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ እሱም ስሟ በተጠራ ቁጥር ደረቱ ይነፋል።

ይህችው ሙሽሪት ውሃ መጠጣት ጀመረች። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ውሃ በሁለት ቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጎድላል። ሰውዬው መጀመሪያ የቆላው ሙቀት ነው ብሎ ተወው። ከዚያ አንድ ጀሪካን ከኋላ አስቀመጠ፤ ሲጎድል ይጨምራል፣ ሲጎድል ይጨምራል። መጨመሩ ልማድ ሲሆንበት መጉደሉ ከሐሳቡ ወጣ። አንድ ቀን ግን የደጋውን ዳገት ስትወጣ ሃያኛው ኩርባ ላይ እንፋሎቷን ለቀቀችና ሽንኩርቱን እንደ ጫነች ቀጥ አለች። ጀሪካኑም ባዶ ነበር። በዚያ ዳገት ላይ ሠላሳ ስምንት ኩርባ አለ፤ በመካከሉ ምንጭ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ቤትም የለም። ሰውዬው ውሃ የያዘ መኪና እስኪያልፍ ድረስ ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ድንጋዩ ላይ ሆኖ ያሰበው ስለ ሽንኩርቱ አልነበረም። የመጨረሻ ልጁ ዘርትሁን ነፍሰ ጡር ናት። የበኩር ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅም «የአሁኑን እዚህ አንሞክረውም። ምጡ ገና ጀመር ሲያደርጋት ደጋው ሆስፒታል አድርሷት» ብላ አስጠንቅቃቸዋለች። ለዚያ አገር አምቡላንስ አንድ ነው፤ ሲጠሩት የት እንደሚገኝ አይታወቅም። ስለዚህ ዘርትሁንን ዳገቱን የምታወጣት ሙሽሪት ናት። ሰውዬው ልጁን እዚያ ኩርባ ላይ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ተኝታ ስታምጥ በዓይነ ሕሊናው አያት። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ፍለጋ ገባ። ማታ ሲያቆማት ከሥሯ ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል ብለውት የዘይት መለኪያውን እየመዘዘ አየ፤ ዘይቱ ደህና ነው። ጭሷን ከኋላ ቆሞ አየ፣ አሸተተም፤ የጤነኛ መኪና ጭስ ነው። ከወንበሩ በታች ያለውን ምንጣፍ ገልቦ ዳበሰ፤ አንዲት ጠብታ የለም። አንዱ ጋራዥ «የሞተሩ ክዳን ሥር ያለው፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይከፈት፤ ዕቃው ተፈልጎ እስኪመጣ አንድ ወር ትቆማለች» አለው። አንድ ወር ካቆማትማ ዘርትሁን በምን ትሂድ? ሌላው ጋራዥ ራዲያተሩን አውርዶ ዳር ዳሩን በይዶ መለሰለት፤ ውሃው መጉደሉን አላቆመም። የሾፌሮቹን ምክር ተዪው። እንቁላል ሰብረህ ጨምርበት ያለው አለ፣ በርበሬ ያለውም አለ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ ፀበል ይጨመርበት አለች አሉ፤ እኔ እንኳ ፀበሉም አብሮ ይጎድላል ባይ ነኝ።

በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። ሽማግሌው ሥራ ትቷል፤ ዓይኑ ደከም ብሏል፣ ከቤቱ ደጅ በርጩማ ላይ ነው የሚውለው። ባለፒክአፑ ያደረገውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው። ሽማግሌው ሰምቶ ሲያበቃ ተነሣና ኮፈኑን አስከፈተ። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አየ፣ ጣቱን በብረቱ ላይ ሳብ አደረገና ጣቱን ተመለከተ። ጣቱ ንጹሕ ነው።

«ይህን ሞተር ማነው እንዲህ የሚወለውለው?» ሲል ጠየቀ።

ባለፒክአፑ ምስጋና የመጣለት መስሎት «እኔው ነኝ ጋሼ። በየማለዳው፣ ቁርስ ሳልቀምስ» አለ።

ሽማግሌው ኮፈኑን ዘጋው። «በል ስምንት ቀን አታጽዳው። ውሃ አታስነካው፣ ደረቅ ጨርቅም ቢሆን አታሳርፍበት። ራዲያተሩን ስትሞላ በማንቆርቆሪያ ሙላ፣ ወደ ውጭ ጠብ እንዳታደርግ። እንደ ወትሮህ ንዳት። በስምንተኛው ቀን እንደ ቆሸሸች አምጣልኝ» አለው።

«ጋሼ፣ የልጄ ወር ገብቷል እኮ። እኔ መላ ፈልጌ ብመጣ እርስዎ መኪናህን አቆሽሽ ይሉኛል?»

«ልጅህን የምትወስድባት ካልሆነ እጠባት» አለውና ወደ በርጩማው ተመለሰ።

ባለፒክአፑ ተናዶ ነው የወጣው። ሽማግሌው ጃጅቷል ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ቢሆንም ሌላ የሚሄድበት ስላልነበረው የተባለውን ያዘ። የመጀመሪያውን ማለዳ እጁን የሚያስቀምጥበት አጣ። ቁርሱን ቀድሞ በላ፤ ቁርሱም አልጣመውም። የቆላውን አቧራ መቼም አንቺም ታውቂዋለሽ። በሦስተኛው ቀን የሙሽሪት ቀለም ምን እንደ ነበር የሚያውቅ ጠፋ። ገበያ ላይ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሙሽሪትን ሸጦ እናቷን ገዝቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ዋሸ፤ ደጋግሞም ዋሸ።

በአምስተኛው ቀን የዘርትሁን አማቶች ሊጠይቋት መጡ። መኪናዋ ደጅ ላይ ጭቃ የተቀባ ጎተራ መስላ ቆማለች። ሚስቱ ጓዳ ጠርታው ሰው ምን ይላል፣ እነዚህ ሰዎች «ልጃችንን በዚህች ልታወጧት ነው ወይ?» ቢሉንስ አለችው። ነገሩ ነካው። እንግዶቹ ሳይነሡ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ባልዲውን ሞላ፣ ጨርቁን ነክሮ ጨመቀ፣ ኮፈኑን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። ከውጭ ያለውን ባጸዳ ምን አለበት፣ የሞተሩንም ላይ ላዩን ብቻ ብነካው ማን ያያል እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። እጁ ኮፈኑ ላይ እንዳለ የዘርትሁን ድምፅ ከውስጥ ተሰማው፤ አማቷ የነገሯት ነገር አስቋት ትስቃለች። ያን ጊዜ አሁን ብወለውለው ነገ እንደገና መጀመሪያው ቀን ነው ብሎ አሰበ። ሌላ ስምንት ቀን ደግሞ የለውም። ባልዲውን ወስዶ የፓፓያው ሥር ደፋው፤ ጨርቁን ለሚስቱ ሰጣትና ለወለል አድርጊው አላት። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም ብሎኛል። እኔ ሳቅሁበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

በስምንተኛው ቀን ማለዳ ሽማግሌው ዘንድ ሄደው ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተሩ ከዳር እስከ ዳር አቧራ ለብሷል፤ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። በአንድ ቦታ ብቻ፣ ውሃውን ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፓምፕ ሥር፣ ሰንበሌጥ የምታህል ቀጭን መስመር አለች። አቧራው እዚያ ርሶ ጭቃ ሆኗል፣ ጭቃው ደርቆ ተሰንጥቋል፣ ጫፉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ቀርቷል። ሽማግሌው ጣቱን ሳያሳርፍ በሩቁ አሳየው።

ባለፒክአፑ መስመሯን ሲያይ ደነገጠ። ያውቃታል። የመንገድ ጭቃ ነው እያለ ስንት ወር ሙሉ በየማለዳው በገዛ እጁ ሲጠርጋት የኖረ መስመር ናት። እንዲያውም ቶሎ አልለቅ ስለምትለው ለእሷ ብቻ ጨርቁን በጥፍሩ ይጫን ነበር።

«ፓምፑ የሚያነባው ሲዞርና ሲሞቅ ነው» አለ ሽማግሌው። «ጠብታው የጋለ ብረት ላይ ያርፋል፣ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል። ስታቆማትና ስትበርድ ይገጥማል። ካርቶን ብታነጥፍ፣ ምንጣፍ ብትገልብ አታገኘውም። ምልክቱን የሚተወው እዚችው ነበር፤ እሱንም ማለዳ ማለዳ እየተነሣህ አንተ አጠፋኸው።»

ሰውዬው አፈርኩ ነው ያለኝ፤ ከመቆሸሿ ይልቅ በንጽሕናዋ ያፈርኩት ያን ቀን ነው አለኝ።

ፓምፑን ለመለወጥ ግማሽ ቀን በቂ ሆነ፤ ሞተሩን መክፈትም አላስፈለገም። በሳምንቱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዘርትሁን ምጥ ጀመራት። ከኋላ ወንበር አስተኝተዋት እናቷ የልጇን ራስ ደግፋ ዳገቱን ወጡ። ሰውዬው ሃያኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ የሙቀት ጌጁን ቀስት ማየት ፈርቶ ነበር፤ በኋላ አየው፤ ከመካከል ንቅንቅ አላለም። ቀትር ሳይሆን ሆስፒታል ገቡ፣ ከቀትር በኋላ ዘርትሁን ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደህና ሆኑ። ባለፒክአፑ ሙሽሪትን ዛሬም ያጥባታል፤ ሳያይ ግን አያጥባትም። ኮፈኑን ይከፍትና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይመረምራል፤ ጨርቁን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ ልጄ። ያ ባለፒክአፕ አንቺና ባለቤትሽ ናችሁ። ተኳርፋችሁ አትደሩ ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ፤ በሠርጋችሁ ቀን ሁለታችሁንም እጃችሁን ይዤ አስምያችኋለሁ። ትእዛዙ መልካም ነው። አጠቃቀሙን ሳልነግራችሁ መቅረቴ ግን አሁን ይቆረቁረኛል። ባለቤትሽ ከፍቶት ሲገባ አንቺ ፊቱን ታዪና ገና ሳይቀመጥ ይቅር በለኝ ትይዋለሽ። እሱም ይቅር ይልሻል፤ አንቺ ያዘንሽ እንደሆነም እሱ እንዲሁ ያደርጋል። ምን እንደ ተደረገ የጠየቀ የለም፤ ምን እንዳመመው የተናገረ የለም። ለመታረቅ ስትቸኩሉ የታረቃችሁበትን ነገር አታውቁትም። በማግስቱ ያው ነገር ከዚያው ቦታ ያነባል፤ ማታ ደግሞ ያው ጨርቅ። ሌላ ሴት ይዞብኝ ይሆን ብለሽ ስልኩን እንዳየሽ፣ ሰው እንዳስጠየቅሽ ነግረሽኛል። ምንም አላገኘሽም። አታገኚምም፤ ካርቶን እያነጠፍሽ ነው።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ዛሬ ከፍቶት የገባ እንደሆነ ይቅር በለኝ አትበይው። እሱም ይቅር በይኝ ሊልሽ ቢነሣ ቆይ በይው። አጠገቡ ተቀመጪና «የቱ ጋ ነው ያመመህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ምንም አይደል ቢልሽ አትመኚው፣ እየተናገረም አታቋርጪው፤ የአንቺንም ንገሪው። ነገሩ ሳይገለጥ ከመሸም ይምሽ። ሳትታረቁ ብታድሩ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።