የሰንሰለቱ ሌላው ጫፍ

በአንድ ወቅት፣ ክረምት ሲገባ ከዓለም ተለይታ የምትከርም ሰንቃ የምትባል መንደር ነበረች። ከፊቷ ወንዝ፣ ከኋላዋ ገደል ነው። ዳኛው የሚቀመጠው ከወንዙ ማዶ ሲሆን ወደ እሱ የሚያሻግረው አንድ የግንድ ድልድይ ብቻ ነበር። በዚያ አገር ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ አንዱ ጫፍ በተከሳሹ እጅ፣ ሌላው ጫፍ በከሳሹ እጅ ይቆለፋል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ አንዱ ለሽንት ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን አልሳቁም፤ መክሰስ ለከሳሹም እንዲከብደው ብለው ነው ያወጡት።

በዚያች መንደር ልየው የሚባል ጎልማሳ ነበር። አልጋ የያዘች እናት አለችው። በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር የቤቱ ምሰሶ ተሰነጠቀና ጣራው በእናቱ ላይ ያዘነብል ጀመር። እንጨት ፍለጋ ቢዞር አጣ። በመጨረሻ በጠራራ ፀሐይ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ድልድዩን ከሥር ደግፈው ከያዙት ባላዎች አንዱን ነቅሎ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀሩት ይበቃሉ፣ እንጨት ሳገኝ እመልሰዋለሁ አለ በልቡ። ለማንም አልተናገረም። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ለማንም አልተናገረም።

ብዙም ሳይቆይ ሞላልኝ የሚባል ገበሬ ከማዶ ገበያ ሲመለስ ድልድዩ ከነበቅሎው ይዞት ወረደ። በቅሎዋን እንኳ ዳግመኛ ያያት የለም። የሞላልኝን ሬሳ ከታች ከቋጥኝ ሥር አገኙት። ሚስቱ ውድነሽ ሕፃን አዝላ ደረቷን ስትመታ መንደሩ ሁሉ አብሯት አነባ። አሁን ድልድይ የለም፤ ወንዙም ሞልቷል። ዳኛው ወዲያ፣ ጥፋተኛው ወዲህ ቀሩ።

ሽማግሌዎቹ ከመንደሩ ትልቅ ሾላ ሥር ተሰብስበው ያየ ይናገር ቢሉ የልየው ጎረቤት አንዳርጌ ተነሳ። ልየው ባላውን ሲሸከም በዓይኑ አይቷል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፣ ከሳሹም እኔ ልሁን አለ። ልየውም ተጠይቆ አልካደም። ግን አንዳርጌና ልየው በእርሻ ወሰን ስንት ዘመን ሲነታረኩ እንደኖሩ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የመንደሩ ጭቃ ሹም ደምሴ ተነሳ። ድልድይ የመንግሥት ነው፣ ድልድይ ያፈረሰን የምከስ እኔ ሹሙ እንጂ ጎረቤት አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ግን ግንዱ በስብሷል እየተባለ ደጋግሞ ሲነገረው፣ ለጥገናው የወጣውን ሰው ሁሉ የራሱን ጎተራ ሲያሠራ የከረመው ይኸው ደምሴ ነው። ሰው ይህን በሆዱ ያዘው እንጂ አልተነፈሰም።

በመጨረሻ ውድነሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች።

«አባቶቼ፣ ደሙ የኔ ነው» አለች። «ሰንሰለቱን ለኔ ስጡኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተከራክረው ተከራክረው አልሆነላቸውም። ዳኛው የሚሰማው ሰንሰለቱን ይዞ የቀረበውን ከሳሽ ብቻ ነውና ከሳሹ አንድ መሆን አለበት። እንግዲያው ወንዙ እስኪጎድል በየተራ ይያዙት፣ ውሃው ሲጎድል ይዞት የሚሻገረውን እንመርጣለን ብለው ተነሱ። የልየውን ቀኝ እጅ በብረት ቆለፉት።

ሐምሌን አንዳርጌ ያዘው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዳርጌ አልሰደበውም፣ በረሃብም አልቀጣውም። ከራሱ ገበታ አበላው፤ በሚስቱ እጅ ለልየው እናት ምግብ ይልክ ነበር። በነገሩም ላይ አንዲት የሐሰት ቃል አልጨመረም፤ ያየውን እንዳየው ይናገራል። ነገር ግን ሐምሌ የዘር ወር ነው። አንዳርጌ የደረሱ ወንዶች ልጆች ስላሉት እሱ ቢቀመጥ እርሻው አይጎድልበትም፤ ልየው ግን ሌላ አራሽ የለውም። እርሻዬ ዘንድ ውሰደኝና ዘር ልበትን ብሎ ለመነው። አንዳርጌ እኔ ከሳሽ እንጂ ያንተ በሬ ነጂ አይደለሁም አለና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ልየው ከዚያ ደጃፍ ሆኖ የአንዳርጌ ልጆች ወሰኑን አልፈው የሱን መሬት ሲያርሱት ያይ ነበር። ሲናገር አንዳርጌ የተቆለፈ እጁን አነሳና እኔ አላረስኩ፣ ይኸው ካንተ ጋር ታስሬ የለም ወይ አለው።

ነሐሴን ጭቃ ሹም ደምሴ ያዘው። የሞላልኝ ወንድሞች ጦር ይዘው የወንድማችንን ደም እንመልሳለን ብለው የመጡት በዚህ ወር ነው። ደምሴ መሸሽ ይችል ነበር፤ የሰንሰለቱ ቁልፍ የሚቀመጠው በሹሙ ኪስ ነው። አልሸሸም። ልየውን ከኋላው አድርጎ ደረቱን ለጦሩ ሰጠና በሕግ አምላክ ብሎ አቆማቸው። ልየው ያን ቀን በሕይወት የዋለው በደምሴ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ያው ደምሴ ራት ላይ ልየውን ማባበል ጀመረ። ግንዱ ጤነኛ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ብቻ ነኝ በል፤ ለዳኛው እኔ እነግርልሃለሁ፣ ነፍስህም ትተርፋለች አለው። ስለ በሰበሰው ግንድ ያንሾካሾኩ ሁለት ሰዎችን ደግሞ ሹም አሙ ብሎ እግራቸውን በግንድ አሳሰራቸው። ልየው ለነፍሱ ሳሳ። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።

ከጳጉሜ ጀምሮ ውድነሽ ያዘችው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑን በግራ እጇ አቅፋ እያጠባች ቁልቁል ብቻ ታያለች። በማግስቱ ለምን ብላ ጠየቀችው፣ ነገራት። ቤትህን አሳየኝ አለችው። ገብታ ባሏን ያሳጣትን ባላ አየችው፤ ከተሰነጠቀው ምሰሶ ጎን ቆሞ ጣራውን ይዟል። ከሥሩ አሮጊቷ ተኝታለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ልጇ ታስሮ መክረሙን እንጂ በምን እንደታሰረ የነገራት የለም።

«ማናት ከልጄ ጋር የመጣችው?» አለች አሮጊቷ።

ልየው ወደ ውድነሽ ዞረ። ውድነሽ ራሷ ጎረቤት ነኝ እማማ አለቻት። አሮጊቷ እጇን ዘርግታ፣ «ልጄን ብቻውን ያልተውሽ፣ እግዜር አንቺንም ብቻሽን አይተውሽ» ብላ መረቀቻት። ውድነሽ ወጥታ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሰንሰለቱ አጭር ነውና ልየውም አጠገቧ ተቀመጠ።

ደግ ሴት ናት ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውድነሽ ልየውን የባሏ እርሻ ላይ አሰማራችው። ከንጋት እስከ ማታ መንደሩ በደቦ የዘራላትን ጤፍ ያርማል፤ እሷም ሰንሰለቱ ስለሚጎትታት አብራው ትጎነበሳለች። እጁ ሲደማ አይታ አላሳረፈችውም። ዳኛ ምን ያደርግልኛል፣ ቢሰቅለው ማን ያርስልኛል አለች። ልጄ አድጎ ሞፈር እስኪጨብጥ ድረስ በዚሁ ሰንሰለት ይኖራል፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል አለች። ልየው ፍርድ የሌለበት እስራት ማለቂያው የት ነው ብሎ ጠየቃት። የኔስ ኀዘን ማለቂያው የት ነው አለችው።

መስከረም ተጋመሰና ወንዙ ጎደለ። ታንኳ ከማዶ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተሰብስበው የውድነሽን እጅ ከብረቱ ፈቱት። የልየው እጅ እንደተቆለፈ ነው። የሰንሰለቱ ሌላው ጫፍ አፉን ከፍቶ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ሦስቱም ከሳሾች መጡ፤ በሦስቱም እጅ ላይ ብረቱ የላጠው ጠባሳ አለ።

አንዳርጌ ይዞት ከተሻገረ ዳኛው ልየው ያደረገውን ሳይጨመር ሳይቀነስ ይሰማል። አንዳርጌ ያየው ልየውን እንጂ የበሰበሰውን ግንድ አይደለምና ቅጣቱ ይከብዳል፤ እርሻውንም የአንዳርጌ ልጆች እንደያዙት ይቀራሉ። ደምሴ ይዞት ከተሻገረ የልየው ነፍስ ትተርፍ ይሆናል። ግን የድልድዩ ነገር ተዳፍኖ ይቀራል፤ አዲሱንም ድልድይ የሚያሠራው ያው ደምሴ ነው። ውድነሽ ከያዘችው መሻገር ብሎ ነገር የለም። ሕፃኑ አራሽ ያገኛል፣ አሮጊቷም የጣራዋ ባላ ማስረጃ ነው ተብሎ አይነቀልባትም። ልየው ግን ያለ ዳኛ፣ ያለ ፍርድ ሽበት ያበቅላል። ማንም አይያዘው የምትሉ ካላችሁም ቀና በሉ፤ የሞላልኝ ወንድሞች ከሾላው ጀርባ ጦራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

ሽማግሌዎቹ ልየውን አንተስ ምን ትላለህ አሉት።

«ባላውን ነቅያለሁ፤ ሰውም ሞቷል» አለ። «አልካድኩም፣ አልሸሽም። ከሦስቱም ጋር ታስሬ አየሁ። አንዱ ስለ ሞላልኝ ብሎ ብቻ ቢይዘኝ ኖሮ እኔው ራሴ እጁን እቆልፍለት ነበር።»

ያን ጊዜ ውድነሽ ቀና ብላ አየችው። አንዳርጌ አጎነበሰ። ደምሴ ቁልፉን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ከዚያ ሦስቱም ተጎንብሰው እጃቸውን ወደ ሣሩ ዘረጉ።

ባለ ታንኳው ቶሎ በሉ እያለ ይጣራል። እኔ እዚህ ላይ ትቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ እናንተ ናችሁ። የሰንሰለቱ ሌላው ጫፍ የሚገባው ለማን ነው?